ተውጦ ያልተፈጨ

በአማቴ የጥገና ቤት አንድ ሕግ ነበር። ማንኛውም ማይክሮስኮፕ ተጠግኖ ከመውጣቱ በፊት መስኮቱ ላይ ካለው ብልቃጥ አንድ ጠብታ ውኃ ተወስዶ ይታይበታል። መስታወቱ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ማርሹ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ ነፍስ ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ካልታየበት አልተጠገነም። መጀመሪያ እሳቸው ዓይናቸውን ይደፉና "እህም" ይላሉ። ከዚያ ወንበሩን ለእኔ ይለቁና "ምን ይታይሃል?" ይሉኛል።

ይቺ "ምን ይታይሃል?" ናት ስታንገበግበኝ የኖረችው። ሥራውን ስጀምር ተገቢ ነበረች፤ አዲስ ሠራተኛ ይፈተናል። እኔ ግን ልጃቸውን አግብቼ፣ እዚያው ቤታቸው ገብቼ፣ ጠጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላም ያው ናት። "ሦስት ይዋኛሉ፣ አንዱ ጥግ ይዟል" እላለሁ ባጭሩ። "ጠርዛቸው ጥርት ብሏል?" "ብሏል።" "ፀጉራቸውስ?" "ይታያል፣ አባባ።" ደንበኛ ፊት ሳይቀር እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እመልሳለሁ። ሰፈሩ እሳቸውን "ጋሽ ሌንስ" ይላቸዋል፤ እኔን ደግሞ "የጋሽ ሌንስ አማች"። የራሴ ስም እንዳለኝ የሚያውቀው መታወቂያዬ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የጥገና ቤቱና መኖሪያ ቤቱ በአንድ በር ይገናኛሉ። ከፊት መንገዱን የሚያይ ሰፊ መስኮት አለ፤ ከሥሩ ረጅም የሥራ ጠረጴዛ። መፍቻዎቹ በየቁመታቸው ተሰድረው እያንዳንዳቸው በተፈለፈለላቸው ቦታ ይተኛሉ። አንዱን አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲነዘነዝ ይውላል። አማቴ እንዲህ ናቸው፤ ሥርዓት ይወዳሉ፣ ሰው ሲያናግሩ እንኳ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ጎን ብለው ያዩታል። ንቀት ይመስለኝ ነበር። እወዳቸዋለሁ፤ ግን በሽቄባቸው ያልዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው።

ብልቃጡ የባለቤቴ ነበር። ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀርባ ካለው ኩሬ ራሷ ቀድታ ያመጣችው ውኃ ነው፤ አልፎ አልፎ የተቀቀለ የስንዴ ፍሬ ጣል ታደርግበታለች። ስንዴው ላይ ባክቴሪያ ይፈላል፣ ባክቴሪያውን እነሱ ይበላሉ። "እነሱ" የምላቸው በባዶ ዓይን የማይለዩ፣ የጫማ ሶል የሚመስሉ፣ ዙሪያቸውን የከበባቸውን ፀጉር እየቀዘፉ የሚዋኙ ባለ አንድ ሴል ፍጥረቶች ናቸው፤ ፓራሚሲየም ይባላሉ። የእኛዎቹ ሆዳቸው በአረንጓዴ ፍሬ የታጨቀ ነበር። ባለቤቴ "ልጆቼ" ትላቸው ነበር። ሌላ ልጅ አልነበረንም።

ባለፈው ዓመት ታማ ሞተች። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ ሐዘኑን የምችለው ሳልነካካው ሲቀር ብቻ ነው። ብልቃጡን መድፋት አልሆነልኝም፣ መስኮቱ ላይ ማየትም አልሆነልኝም። ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ስንዴዋን ግን አላስቀረሁባቸውም፤ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ፊቴን አዙሬ፣ እጄን ብቻ ሰድጄ ጣል አደርጋለሁ። ከበሉ ምን ይጎድላቸዋል ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ማይክሮስኮፖቹን የምንፈትነው በሽንኩርት ልጣጭ ሆነ። ሽንኩርት ደግሞ አይዋኝም። አማቴ ሕጋቸው ሲፈርስ አንድ ቃል አልተናገሩም። "ምን ይታይሃል?" ግን አልቀረችም፤ እንዲያውም ባሰባት።

እንዲህ ሆነን ሳለን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደወለ። "ችኩሉ" ብላ ያወጣችለት እህቱ ናት፤ ልጅ ሆኖ ጫማውን ሳያስር ይሮጥና ደጃፍ ላይ ይደፋ ነበር አሉ። ሌላ ከተማ ይሠራ ነበር፤ አሁን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሊመለስ ነው። አማቴ ስልክ የሚያወሩት ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ስለሆነ ወደድኩም ጠላሁም ሰማሁ።

"አባዬ፣ እኛ ስንመጣ የኋላውን ክፍል እንፈልገዋለን።"

"እዚያ ሰው አለ" አሉ።

"አውቃለሁ። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ግን እህቴ ካለፈች በኋላ እሱ ለኛ ምናችን ነው? ገና ጎልማሳ ነው፤ የራሱን ኑሮ ይኑር እንጂ።"

አማቴ "እሑድ ና። እንነጋገርበታለን" አሉና ዘጉት። አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። "ሻዩ ቀዘቀዘ" አሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነበር፤ እኔ ለዚህ ቤት ምኑ ነኝ? ባለቤቴ ስትኖር መልሱ ግልጽ ነበር። አሁን ግን ውጣ ከተባልኩ የምወጣው ከአንድ ክፍል ብቻ አይደለም። እሷ ከነበረችበት ቤት፣ እጄ ከለመደው ጠረጴዛ፣ ከእኚህ ነዝናዛ ሽማግሌ ነው የምወጣው። እሳቸው ደግሞ ስለ ሻይ ያወራሉ።

በማግስቱ የባዮሎጂ መምህርቷ መጣች። የባለቤቴ አብሮ አደግ ናት፤ የትምህርት ቤቱን ማይክሮስኮፖች የምታመጣልን እሷ ነች። አንዱን ሠርተን ስለጨረስን ልታየው ተቀመጠች። የሽንኩርት ልጣጩን ሳቀርብላት ወደ መስኮቱ ዞረች።

"አረንጓዴዎቹስ የታሉ?"

መዋሸት አልቻልኩም። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ብልቃጡን አወጣሁ።

"ጨለማ ውስጥ? ያን ጊዜ ሁሉ?" አለች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ቀና ስል ፊቷ ላይ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ልጅ አዲስ ነገር ሲያይ የሚሆነውን ሆናለች። "ቶሎ በል፣ አንድ ጠብታ አድርግልኝ!"

ጠብታውን አኖርኩ፣ ስስ መስታወቷን ከላይ አለበስኩና ዓይኔን ደፋሁ። ከኋላዬ ያቺው ጥያቄ መጣች።

"ምን ይታይሃል?"

"ነጭ ናቸው" አልኩ።

ይዋኛሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ደህና ናቸው። ግን ሆዳቸው ባዶ ብርጭቆ ነው የሚመስለው። "እነሱ አይደሉም፤ ሌላ ዓይነት ገብቶበታል" ስል መምህርቷ በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ አየች።

"እነሱው ናቸው። የጠፋው አረንጓዴው ነው። እሱ ደግሞ መጀመሪያውኑ የነሱ አልነበረም።"

"የማን ነበር ታዲያ?" አሉ አማቴ።

"የእንግዳ ነው፣ አባባ። አልጌ ነው፤ ራሱን የቻለ ፍጥረት። ፓራሚሲየሙ ሊበላው ነው የሚውጠው። አብዛኛውን ይፈጨዋል። አንዳንዱ ግን ሳይፈጭ ያመልጥና ቆዳው ሥር ቦታ ይይዛል። ከዚያማ በብርሃን ስኳር እየሠራ ለአሳዳሪው ያካፍላል።"

"የዋጠውን አስቀምጦ ያበላዋል?"

"እንዲያውም የተዋጠው ነው የዋጠውን የሚያበላው።"

አማቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ወገባቸውን አቅንተው ሲቀመጡ አላየሁም።

"ጨለማ ሲሆንስ?"

"ጨለማ ከሆነ የሚሠራው ነገር የለውም። እየሳሳ፣ እየተበላ ያልቃል። አሳዳሪው ባክቴሪያ እየለቀመ ይቀጥላል፤ ነጭ ሆኖ።"

ስንዴ እየሰጠሁ፣ ፊቴን አዙሬ፣ እኔው ጨረስኳቸው ማለት ነው። መምህርቷ ግን የእኔን ፊት አላየችም፤ ነገሩ ይዟት ሄዷል። በመስኮቱ ወደ መንገዱ ዳር ዛፍ ጠቆመች።

"ይሄ ይገርማል? ያ ዛፍም እኮ እንደዚሁ ነው።"

"የቱ?" አሉ አማቴ።

"የፈለጉት ዛፍ። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው በየሴሉ ውስጥ ያለ ክሎሮፕላስት የሚባል ትንሽ ነገር ነው። ብርሃን ይዞ ምግብ የሚሠራው እሱ ነው። እሱም ጥንት ከውጭ የገባ ነው።"

"እንዴት ተደርጎ! የቅጠል አረንጓዴ ከውጭ መጣ? ማስረጃሽ ምንድን ነው?"

አማቴ እንዲህ ናቸው፤ አንድ ብሎን ላልቷል ብትላቸው እንኳ ማስረጃ ይጠይቃሉ። መምህርቷ እንደ ተማሪዋ ሳይሆን እንደ እኩያዋ ታስረዳቸው ጀመር። ክሎሮፕላስቱ የራሱ የዘር መመሪያ አለው፤ ያ መመሪያ ሲነበብ ከዛፉ ይልቅ የሚመስለው በየኩሬው የሚኖሩ አረንጓዴ ባክቴሪያዎችን ነው። ሲባዛም እንደነሱ ወገቡ ላይ ቀጥኖ ለሁለት ይከፈላል።

"ዋናው ደግሞ ይሄ ነው፣ አባባ። ዛፉ ክሎሮፕላስትን ከባዶ መሥራት አይችልም። ካለው ተከፍሎ ካልተገኘ አዲስ የለም። ዛፉ ከእናቱ የወረሰው ነው፣ እናቱም ከእናቷ።"

"የመጀመሪያውስ?"

"ከቢሊዮን ዓመት በላይ ይሆነዋል። አንድ ሴል አንድ አረንጓዴ ባክቴሪያ ዋጠ። ሳይፈጨው ቀረ።"

"ለምን ቀረ?"

"እሱን የሚያውቅ የለም። ጠግቦ ይሆናላ።"

አማቴ ሳቁ። ድምፁን ረስቼው ነበር፤ ከሆዳቸው የሚወጣ ወፍራም ሳቅ ነው። ከዚያ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሹ "አንዱ አንድ ቀን የበላው ስላልተፈጨለት ነው ይሄ ሁሉ ደን?" አሉ፤ ለማንም አይደለም።

እኔ ግን ሌላ ነገር ይዞኝ ነበር። "ቢወጣስ?" አልኳት። "ክሎሮፕላስቱን ከቅጠሉ ብናወጣው ብቻውን ይኖራል?"

"አይኖርም። የብልቃጡ አልጌ ገና አዲስ ገቢ ነው፤ ቢወጣም ውጭ ይለምድ ይሆናል። የቅጠሉ ግን አብሮ ሲኖር ከመመሪያው አብዛኛውን ለቤቱ አዛዥ፣ ለኒውክለሱ፣ አስረክቧል። ጓዙን ሁሉ አስገብቶ ቁልፉን የሰጠ ሰው በለው። ወዴት ይወጣል?"

አማቴ በዚያ የጎን አስተያየታቸው ወደ እኔ እያዩ ነበር። የጠየቅኩት ስለ ራሴ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ያው እንደለመዱት ስለ ሻይ ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ "እንመልሰው" አሉ። "አረንጓዴውን። ይዋጥና ይፈጭ አይፈጭ እንይ።"

መምህርቷ ትምህርት ቤት ከዚያው ኩሬ የወጣ አልጌ ታረባለች፤ በማግስቱ በትንሽ ጠርሙስ አመጣችልን። አማቴ ብልቃጡ ወደ መስኮቱ እንዲመለስ አዘዙ፤ እኔም መለስኩት። አልጌውን ጨመርን። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸው "እህም" እንኳ አላሉም፤ ቀጥታ ወደ ጥያቄው ገቡ።

"ምን ይታይሃል?"

"እየበሏቸው ነው።"

እውነት ነበር። ጎናቸው ላይ እንደ ሸለቆ በጎደጎደው አፋቸው ውኃውን ጠርገው ይስባሉ፤ አረንጓዴዎቹ እንክብሎች ተግተልትለው ይገቡና አንዲት አረፋ ውስጥ ይታጨቃሉ። አረፋዋ ሆድ ውስጥ መዞር ትጀምራለች። ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴው ይጠወልጋል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይሟሟል።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም ይመስለኛል።"

"'ይመስለኛል' አይሠራም። ደህና አድርገህ እይ።"

በሽቄ ነበር፤ ግን አየሁ። በነጋታውም አየሁ። የሚጠገን ሥራ ተከምሮ እያለ አማቴ ከወንበሩ አላስነሳ አሉኝ፤ እኔም ሳይታወቀኝ መነሳት ትቼ ነበር። አንዱን ተከትዬ ሌላውን ስይዝ፣ ባዶ ሆድ፣ ቡናማ ሆድ፣ ባዶ ሆድ። እሑድ እየቀረበ ነው። አንድ እንኳ ሳይፈጭ ቢቀር እኔም ከዚህ ቤት የማልወጣ ይመስል በውስጤ እየለመንኩ ራሴን ያዝኩት። የጤና አይደለም ብዬ ሳቅኩ፤ ግን መለመኔን አልተውኩም።

"አባባ! አንድ አለ!"

"የት ጋ?"

"ጠርዙ ላይ፣ ልክ ቆዳው ሥር። ሌላው ሁሉ ቡናማ ሆኗል፤ ይቺ ግን አልተነካችም።"

"ምን ዓይነት አረንጓዴ ናት?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ዞር ስል አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን በትራቸው ላይ አሳርፈው እያዳመጡኝ ነበር። "አዲስ ቡቃያ ዓይነት" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ጣፋጭ ነገር አፋቸው ውስጥ ያቆዩት መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ውጣ እስክባል ከምጠብቅ ልወጣ ነው ብዬ ብቀድም ይሻላል ብዬ ነው። ችኩሉ ረፋዱ ላይ ደረሰ። አባቱን አቅፎ ሳመ፣ እኔንም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ "አማቻችን፣ ደህና ነህ?" አለ ዓይኔን ሳያይ። ክፉ ሰው አይደለም። የሚናገረው ነገር ራሱን ከብዶት ነበር።

"ከሁሉ በፊት ይሄን እይ" አሉት አማቴ ወደ ማይክሮስኮፑ እየጠቆሙ።

ተቀመጠ፤ አየ። "የሚዋኝ ነገር አለ። አረንጓዴ ነጠብጣብ አለበት፤ አንዱ ላይ በዛ ብሏል። እና ምንድን ነው?"

አማቴ ጀመሩለት። ኩሬውን ከቢሊዮን ዓመቱ፣ ስንዴውን ከዛፉ እየቀላቀሉ፣ መምህርቷ ብትሰማ ጆሮዋን በምትይዝበት አኳኋን፣ ግን ዋናውን ሳይስቱ ነገሩት። ተዋጠ፣ አልተፈጨም፣ ኖረ፣ አበላ።

"አባዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ስለ ክፍሉ ለመነጋገር ነው።"

"እኔስ ስለ ምን የማወራ መሰለህ?"

ችኩሉ ወደ እኔ አየ፣ ወደ አባቱ አየ። "ገባኝ። ከወጣ መኖር አይችልም ልትለኝ ነው። አባዬ፣ ትልቅ ሰው ነው! እጁ ላይ ሙያ አለው። ቤት ይከራያል፣ ይሠራል፣ ይኖራል።"

"እኖራለሁ" አልኩ። የተናገረው ኩራቴ ነው። "ሻንጣዬንም ዘግቻለሁ።"

"ሰምቻለሁ፤ ዚፑ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሷል" አሉ አማቴ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ይኖር ይሆናል። ሰው ክሎሮፕላስት አይደለም። ሁላችሁም ቢወጣ እሱ ምን ይሆናል ነው የምትሉት። ቅጠሉ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።"

"ቅጠሉ ምን ይሆናል?" አለ ችኩሉ።

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ማይክሮስኮፑን ዳበሱት፣ ማርሹን በጣታቸው አሽከረከሩት።

"በዚህ ነገር አይቼ አላውቅም" አሉ። "ይሄን ብቻ አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ በየትኛውም አላየሁም። መንገዱን አያለሁ፣ ፊትህንም ከዳር ከዳሩ አየዋለሁ፤ መሀሉ ግን የለም። ዓይኔን መስታወቱ ላይ ስደፋ የሚታየኝ ጭጋግ ነው። እህትህ ባገባች ሰሞን ነው የጀመረኝ። ሐኪሙ አይመለስም አለኝ። እሷ ታውቅ ነበር፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ አልኳት። ብሎኑንና ማርሹን እጄ ያየዋል። የቀረውን ሁሉ ያየልኝ እሱ ነው።"

በመንገዱ ላይ አንድ ብስክሌት ደወሉን እያሰማ አለፈ።

እኔ የማየው መፍቻዎቹን ነበር፤ በየቁመታቸው፣ በየቦታቸው የተኙትን። ያ የጎን አስተያየታቸው መጣብኝ። የተጨፈነው ዓይናቸው መጣብኝ። "ጠርዛቸው ጥርት ብሏል? ፀጉራቸውስ?" እያሉ ሲጠይቁኝ ደንበኛ ፊት የቀላሁት ሁሉ መጣብኝ። ልጃቸውን ካገባሁ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ፈትነውኝ አያውቁም ነበር። ይለምኑኝ ነበር። እኔም ሁለት ቃል ወርወር እያደረግኩ እነሳ ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬ በላይ ግን ደስ አለኝ፤ ደስታው ደግሞ እንባ ሆኖ መጣ፣ ምን ላድርገው።

ችኩሉ ከወንበሩ ተነስቷል። "ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?"

"የጥገና ቤቱን በነጋታው ትዘጋብኝ ነበራ። ችኩል አይደለህ?"

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። መጥቶ አባቱ እግር ሥር ቁጢጥ አለና ጉልበታቸውን ይዞ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ አሁን ዓይኔን እያየ፣ "እህቴ ጫማህን እሰር ትለኝ ነበር" አለኝ። "እኛ እዚሁ አካባቢ ቤት እንፈልጋለን። ልጆቹ ግን እዚህ መጥተው ይዋሉ። ይሄን የሚዋኝ ነገር አባዬ ያሳያቸው።"

"እሱ ያሳያቸው በል" አሉ አማቴ። "እኔ ምኑን አሳያለሁ?"

ችኩሉ ሻንጣዬን ራሱ አንስቶ ወደ ኋላው ክፍል ወሰደው። አማቴ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ፤ ትከሻቸው ትከሻዬን ነካ። ብልቃጡ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አግኝቶታል። ከሥሩ አዲስ ጠብታ ቀድቼ አኖርኩ።

"ምን ይታይሃል?" አሉ፤ ዛሬ ድምፃቸው ፈራ ተባ ይል ነበር።

ዓይኔን ደፋሁ። አልቸኮልኩም። ከግራው ጠርዝ ጀመርኩና ውኃው ምን ያህል እንደጠራ፣ አንዷ እንዴት እየተሽከረከረች እንደመጣች፣ ፀጉሯ ነፋስ እንደነካው ሣር እንዴት እንደሚተኛና እንደሚነሳ፣ ቆዳዋ ሥር ያሉት አረንጓዴዎች ከትናንቱ እንደበዙ፣ ሌላዋ ደግሞ ለሁለት ለመከፈል ወገቧ እንደቀጠነ ነገርኳቸው። ሲደክመኝ ትንሽ ተነፈስኩና "ገና አለ፣ አባባ" አልኩ፤ ቀጠልኩ።